ያልተጨመቀ ድምፅ

ወንድሜ ሥራው የስልክ አስተርጓሚነት ነበር። ስዊድን አገር ፋርስታ በሚባል ሰፈር ካለው ቤቱ ሳይወጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ከአንዱ ወገን በስዊድንኛ የሰማውን ለሌላው ወገን በአማርኛ ሲያስተላልፍ ነው ዕድሜውን የፈጀው። አስተርጓሚ “ሐኪሟ እንዲህ ትላለች” አይልም። የተናጋሪውን “እኔ” እንዳለ ወስዶ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ወንድሜ በአንድ ቀን ውስጥ ሐኪም ይሆናል፣ ነፍሰ ጡር ይሆናል፣ ልጁን ሊነጠቅ የደረሰ አባት ይሆናል፤ ማዳመጫውን ሲያወልቅ ደግሞ ተመልሶ ራሱን። ድምፁ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር። መልኩን አይተው የማያውቁ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰላምታ ሲሰጥ ይሰሙትና “ያኔ በስልክ ያስተረጎሙልኝ እርስዎ አይደሉ?” ይሉት ነበር።

መጀመሪያ ድምፁ ሻከረ። ከመናገር ብዛት ነው አለ። በኋላ የድምፅ አውታሩ ላይ ዕጢ እንዳለ ታወቀ፤ ጨረር ተሰጠው፤ ተሻለህ ተባለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ሻካራነቱ እንደገና መጣ፤ ምግብ ሲውጥም ያመው ጀመር።

የምርመራውን ውጤት ሊሰማ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ በስዊድንኛ፣ አጠር አጠር ባሉ ዓረፍተ ነገሮች ነገረችው። ስትጨርስ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ስዊድንኛ እንደምሰማ ጠፍቶት አይደለም። ያንን የሥራ ድምፁን አውጥቶ በአማርኛ እንዲህ አለኝ፤

“ዕጢው ተመልሶ መጥቷል። አሁን ያለን አማራጭ ማንቁርትዎን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ በራስዎ ድምፅ መናገር አይችሉም።”

ሐኪሟ ጥያቄ የጠየቀኝ መስሏት መልሴን ትጠብቃለች።

“ጋሼ፣ ሰምቻለሁ እኮ” አልኩት።

“አውቃለሁ። በአማርኛ ካልሰማሁት እውነት አልመስል ብሎኝ ነው።”

ቀዶ ሕክምናው ሩቅ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሎጎፔድ ከሚሏት የንግግር ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ተያዘለት። ወጣት ናት፤ ስትናገር ፊቱን እያየች ነው። ከአሁኑ ስዊድንኛ ዓረፍተ ነገሮችን አንብቦ ከቀዳ፣ ኮምፒውተሩ ከንባቡ ተምሮ የእሱን ድምፅ የሚመስል ድምፅ እንደሚሠራ አስረዳችው። ወደፊት የጻፈውን ሁሉ ያ ድምፅ ያነብለታል።

“ለአማርኛስ?” አላት።

“ለአማርኛ የሚሆን እኛ ዘንድ የለም” አለችው፤ ፊቷ ትንሽ ቀላ። “ግን የሚያስፈልግህን አባባል ራሱን ቀድተህ ማስቀመጥ ትችላለህ። ስትፈልግ ትጫነዋለህ፤ እንዳለ ይጫወታል።”

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ “ስዊድንኛው እንግዲህ ተናግሬው የማላውቀውን ሁሉ ሊናገር ነው” አለ። “አማርኛው ግን ከምቀዳው ላይ አንዲት ቃል አይጨምርም።”

የሚቀዳው እኔ ቤት እንዲሆን ተስማማን። የምኖረው ሱንድቢበሪ በሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞርኩ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ቤታቸው ሆነው እንዲሰሙት ተረት እያነበብኩ ስለምቀዳ፣ ከመኝታ ክፍሌ አጠገብ ያለችውን የልብስ ማስቀመጫ ክፍል መቅጃ አድርጌያታለሁ። ካፖርቶቹና ብርድ ልብሶቹ ማሚቶውን ይውጡታል። ማይክ አለኝ፣ ኮምፒውተር አለኝ። የቀዳሁትን በምን ዓይነት ፋይል እንደማወጣ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር። ተረቶቼን ሁልጊዜ ኤምፒስሪ አድርጌ ነው የማወጣቸው፤ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይላካል።

ሎጎፔዷ ኤምፒስሪ አልፈልግም አለች። ዋቭ ይሁን፤ በአንድ ማይክ የተቀዳ ስለሆነ ሞኖ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይቀመጥ፤ ምንም ዓይነት ማጽጃ አይነካው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው ጨምቆ ነው አለችኝ፤ የሰው ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ሁሉ ይጥላል። ዋቭ ግን የሰማውን እንዳለ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ የአንድን ሰው ድምፅ ከሌላው ሰው የሚለየው ደግሞ እዚያ ከሚጣለው ቅንጥብጣቢ ጭምር ነው።

ይህን በሰማን ሰሞን የወንድሜ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ ነው የተነጋገሩት፤ እሱ በአማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ። ስልኳ ላይ አባቷ ባለፉት ዓመታት የላከላትን የድምፅ መልእክቶች ሰብስባለች። ከፈተችልን። ዳቦ ግዢ ይላል፤ የቤት ቁልፍ ረሳሁ ይላል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ይስቃል። ያ ወፍራም፣ ጤነኛ ድምፁ ነው።

“ፓፓ፣ ይሄንን እንስጣቸው” አለች በስዊድንኛ። “ያልታመመውን።”

ሞከርኩ። መልእክቶቹን ከስልኩ አውጥቼ ወደ ዋቭ ለወጥኳቸው። የፋይሉ መጠን አበጠ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ስልኩ ሲልካቸው አንድ ጊዜ ጨምቋቸዋል፤ የጣለውን ጥሏል። ጥቂት ሽሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ቢገለብጡት አይበዛም። ለሎጎፔዷ ላክሁላት፤ ለማስታወሻ አስቀምጡት፣ ድምፅ ለመሥራት ግን አይሆንም ብላ መለሰችልኝ።

ወንድሜ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። “ጤነኛው ተጨምቆ አልቋል ማለት ነው። ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው በሽተኛው ነው።”

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣ ነበር። ካፖርቶቹ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ጀልባ፣ ስለ ብሉቤሪ፣ ስለ ባቡር መዘግየት የሚያወሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የስዊድንኛ ዓረፍተ ነገሮችን ያነባል። ጉሮሮው ሲደርቅ ውኃ ይጎነጫል፤ ሲያመው ዝም ብሎ እጁን ያነሣል፣ አቆማለሁ። አንድም ቀን አላማረረም። የሌላ ሰው ቃል መናገር ሥራው ነው።

ያስቸገረው አማርኛው ነው። አንድ ሰው ከእንግዲህ በሚቀረው ዕድሜው ሁሉ የሚለውን ነገር ከየት ይጀምራል? መጀመሪያ የቀዳው ለእናታችን ነበር። እናታችን አዲስ አበባ ናት፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳይደውልላት ቀርቶ አያውቅም። ስለ ሕመሙ የነገራት ሰው የለም። “እንደምን ሰነበትሽ እማዬ” ብሎ ቀዳ። “እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። “ሥራ በዝቶብኝ ነው”፣ “መድኃኒትሽን ወሰድሽ?”፣ “ልክ ነሽ”፣ “እሺ”፣ “በይ እንግዲህ በርቺልኝ” እያለ ቀጠለ።

“ጋሼ፣ ብንነግራት አይሻልም?” አልኩት።

“በዚህ ዕድሜዋ? ልቧ አይችለውም።”

“አንተ ሳትናገር እንዴት ይሆናል?”

“ድምፄን እስከሰማች ድረስ ለእሷ ምንም አልሆንኩም” አለና ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋው።

ልጁም የራሷን ጥያቄ ይዛ መጣች። እወድሻለሁ እንዲል አልጠየቀችውም፤ ብሏት የማያውቀውን ማስቀዳት አልፈለገችም። “ያንን የመብራቱን በለው” አለችው። እሱ ትንሽ ፈገግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ “አንቺ ልጅ፣ መብራቱን እንዲህ እያበራሽ የምትሄጂው አባትሽ ግድብ አለው ብለውሽ ነው?” አለ። ሳቀች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሄዳ በሩን ዘጋች፤ ልከተላት ስነሣ ወንድሜ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

የአማርኛዎቹን ፋይሎች ላስተካክል ብላ ወስዳ ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ ጫጫታ የሚያጠፋ ማጽጃ አለ። በማግስቱ ስታሰማን የማቀዝቀዣው ድምፅ ጠፍቷል፣ የትንፋሹ ሲርሲርታ ጠፍቷል፣ ሻካራነቱም ለስልሷል። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሰማና፣

“ማን ነው ይሄ?” አለ።

“አንተ ነህ ፓፓ። አጽድቼህ ነው።”

“እኔንም አብረሽ ጠርገሽ አስወጥተሽኛል።”

የጸዱትን አጠፋቻቸው። ከዋናው ቅጂ እንደገና አወጣሁ። ፕሮግራሙ የሚጠይቀውን ሁሉ አንድ በአንድ እየመለስኩ ነው፤ ምን ዓይነት ፋይል፣ ስንት ኪሎኸርዝ፣ ስንት ቢት፣ ሞኖ ወይስ ስቴሪዮ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። “ቪዛ የምታስወጪልኝ ነው የሚመስለው” አለኝ። ለሎጎፔዷ እሷ ያለችውን፣ ለእኛ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚሰጠውን ትልቁን መረጥኩ። ዲስኩ ይሙላ አልኩ። ከእንግዲህ የሚጨመርበት ነገር የለም።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካለት፤ ማገገሙ ግን አልተሳካለትም። እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ብዙ ሰዎች አንገታቸው ላይ በምትተከል ትንሽ ቧንቧ መናገር ይለምዳሉ። ጨረር ያገኘው ሥጋው አልሽር ስላለ ለወንድሜ ተሞክሮ ተተወ። አንገቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

የስዊድንኛው ድምፅ ሠራ። መድኃኒት ቤት ሄዶ፣ ድምፁና የአማርኛ ቅጂዎቹ በተጫኑበት የታብሌት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሻካራው ድምፁ ስለ ቀጠሮና ስለ ፋሻ በትሕትና ይናገራል። ቤት ውስጥ ከልጁ ጋርም የሚያወራው በዚያው ነው። አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ፣ ሰሌዳው በስዊድንኛ “ሾርባው ቀዝቅዟል” ሲል ሰማሁ። ልጅቷ ከማድ ቤት “እኔ አሞቃለሁ አባዬ” አለች። በአማርኛ ነው፤ አነጋገሯ እየተንገዳገደ። አባዬ ስትለው ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ተገላበጠ፤ እሱ በስዊድንኛ ይጽፋል፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች።

እሑድ እሑድ ለእናታችን ይደወላል። እኔ ስልኩን ድምፁ እንዲወጣ አድርጌ ሰሌዳው አጠገብ እይዛለሁ፤ እሱ የቀዳቸውን ቃላት ይጫናል።

“እንደምን ሰነበትሽ እማዬ።”

“እኔስ ደህና ነኝ ልጄ። ድምፅህ ምነው ሻከረ?”

ለዚህ የቀዳው መልስ የለም። ትንሽ አመነታና “ሥራ በዝቶብኝ ነው” የሚለውን ነካ።

“ሥራ ጉሮሮ ይዘጋል እንዴ? ዝንጅብል አፍላና ጠጣ።”

“እሺ።”

በሚቀጥለው እሑድ ዝንጅብሉን ጠጣህ ወይ አለችው። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ድምፁ እንደ ሻከረ ነው፤ ሊድንም ሊብስም አይችልም። እሷ የሰፈር ወሬ ታወራለች፣ እሱ “ልክ ነሽ” ይላል። ስትስቅ እሱም ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል፤ እሷ ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

አንድ እሑድ ወሬዋን ሳታስቀድም “አክስትህ አረፈች” አለችው። ታላቅ እህቷ ናቸው። ወንድሜን ትምህርት ቤት እየወሰዱ እየመለሱ ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ወንድሜ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። እንባው ሲወርድ፣ አንገቱ ላይ ካለው ቀዳዳ አየር እየተቆራረጠ ይወጣል። እናታችን በዚያ በኩል ትጠብቃለች። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ቃላት አየ፤ ለዚህ የሚሆን የለም። በመጨረሻ የሚያንሰውን መረጠ።

“እሺ” አለ ድምፁ።

“እሺ?” አለች እናታችን።

ስልኩን ነጥቄ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው አልኳት። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር አልኩ፣ አለቀስኩ፣ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ እረፍት ሰዓት ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። እናታችን ራሷ ደውላ አታውቅም፤ የጎረቤት ልጅ ናት የደወለችላት።

“እውነቱን ንገሪኝ” አለችኝ። “ልጄ መቼ ነው የሞተው?”

“እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?”

“አትዋሺኝ። የምታሰሙኝ ካሴት ነው። በየሳምንቱ በርቺልኝ ሲል አተነፋፈሱ እንኳ ያው ነው። ትላንት አክስቱን ስነግረው እሺ አለኝ። እሷ ሞተች ተብሎ እሺ የሚል ልጅ አልወለድኩም። ሰዉ ለእህቴ የማለቅስ ይመስለዋል። እኔ ግን ትላንት ሌሊቱን ሙሉ ያለቀስኩት ለልጄ ነው። እናንተ መርዶውን እስክትልኩ ብቻዬን ልቅበረው?”

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በቀጥታ ፋርስታ ሄድኩና ለጎረቤቷ ልጅ በቪዲዮ ደወልኩላት። ወንድሜ ካሜራው ፊት ተቀመጠ፤ አንገቱን የሚሸፍንበትን ጨርቅ አወለቀ። እናታችን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ከግንባሯ ሌላ የሚታየን አልነበረም።

“ራስህን ነቅንቅ” አለችው።

ነቀነቀ።

“ቀኝ እጅህን አንሣ።”

አነሣ።

“ያመሃል?”

በጣቶቹ ትንሽ ብሎ አሳያት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ልቧም ቻለው፤ እሷ ሳትሆን እኛ ነን ያልቻልነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ በቪዲዮ ሆነ። እሷ ታወራለች፣ እሱ በፊቱ ይመልሳል። ለእሷ ብሎ የቀዳቸውን ቃላት ዳግመኛ አልነካቸውም። ብዙ እሑዶች አላገኙም። ዕጢው ሳንባው ላይ ታየ፤ በረዶው ሳይቀልጥ ወንድሜ ሞተ። ልጁና እኔ አጠገቡ ነበርን። መርዶውን ዘመዶች በወጉ ማለዳ ሄደው አረዷት። አንድ ጊዜ ቀብሬው ተመልሶ መጥቶልኝ ነበር፤ አሁንስ የሚመጣ አይመስለኝም አለች አሉ።

ከአርባው በኋላ ድምፁን ላኪልኝ አለችኝ። የጎረቤቷ ልጅ ሚሞሪ ካርድ የምታጫውት ትንሽ ስፒከር አላት። ዋቮቹን ላክሁ፤ ስፒከሯ አላነበባቸውም። ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ኤምፒስሪ የሚለውን መረጥኩ፤ ከመጠኖቹ ትልቁን ብመርጥም የሚጣል ነገር አይጠፋም። ምን እንደሚጥል ለመስማት ሁለቱን እያፈራረቅኩ አዳመጥኩ። ልዩነቱን ጆሮዬ አልያዘውም። ለእሷ የቀዳቸውን ሁሉ በአንድ ፋይል አገጣጥሜ ላክሁላት።

በሳምንቱ ደወለች።

“ደረሰሽ እማዬ?”

“ደርሶኛል። ሰማሁት።” ከዚያ እንደ መቸገር አለች። “አንድ ነገር ላስቸግርሽ? እንደምን ሰነበትሽ ሲለኝ ልመልስለት አፌን ስከፍት እሱ ወደ ሌላው ያልፋል። አይጠብቀኝም። ቦታ ልትተዪልኝ ትችያለሽ?”

“ምን ያህል ልተውልሽ?”

“እኔ እንጃ። ቀስ ብዬ እንደማወራ ታውቂያለሽ።”

ፋይሉን መልሼ ከፈትኩት። “እንደምን ሰነበትሽ እማዬ” ከሚለው በኋላ ባዶ ቦታ አስገባሁ። እኔ በእሷ ቦታ ሆኜ ጮክ ብዬ መለስኩለት፤ ጤናዋን፣ ጉልበቷን፣ ዝናቡን፣ የጎረቤቷን ልጅ። አልበቃ አለኝ፤ አስረዘምኩት። ከ“መድኃኒትሽን ወሰድሽ?” በኋላም፣ ከ“ልክ ነሽ” በኋላም እንዲሁ አደረግሁ። ጨርሼ ላክሁላት።